ቀለበቱ አንድ፣ መቋሚያው ሁለት

መምህር ያደታ ቀለበቱን ይውሰድ ወይስ መቋሚያውን የሚለው ጥያቄ ከእሁድ ወደ እሁድ ሲንከባለል ከረመ። በዚያ ሰሞን መቱ ውስጥ ሌላም ጥያቄ ነበር፤ ስኳር መቼ ይመጣል፣ የቀበሌው ስብሰባ ስንት ሰዓት ያልቃል፣ አምና የዘመቱት ልጆች የት ደረሱ። እነዚህን ጮክ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ያደታ ጮክ ብሎ የሚከራከረው ስለ ቀለበቱ ነበር።

ነገሩ ጨዋታ ነው። የጨዋታውን መጽሐፍ አንድ የውጭ አገር የድልድይ መሐንዲስ አገሩ ሲገባ ለቀያሹ ለወልደ የሱስ ትቶለት ሄደ፤ ሃያ ፊት ያለው ዳይስም ጨመረለት። ሰሌዳ የለውም፣ ጠጠር የለውም። አንዱ ዳኛ ይሆንና ዋሻውን፣ ዘንዶውን፣ ሽፍታውን በአፉ ይፈጥራል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው ይገቡበታል። ያሰቡት ይሳካ ወይስ ይክሸፍ የሚፈርደው ዳይሱ ነው፤ ትልቅ ቁጥር ያሳካል፣ ትንሽ ያከሽፋል። ዳኛው ራሱ ወልደ የሱስ ነው። ነርሷ ጃለኔ ጎራዴ ታጣቂ ናት፤ ሳምንቱን ሙሉ በመርፌ ስትወጋ ሰንብታ እሁድ ጎራዴ ሲሰጧት የምትሆነው አይታወቅም። ያደታ ደግሞ ደብተራ ነው።

ደብተራ የሆነው ከብዙ ክርክር በኋላ ነው። መጽሐፉ ላይ ያለው ድግምት የሚደግም ሰው ነው፤ ታዲያ ምን ብለው ይጥሩት? ጠንቋይ እንዳይሉት ስሙ ያስከስሳል። ጃለኔ «እንደ አገራችን ‹ቃሉ› እንበለዋ» ብላ ነበር።

«ቃሉ ሰው ያስታርቃል እንጂ እሳት ይወረውራል እንዴ?» ብሎ ያደታ ራሱ ተቃወመ።

የጨረሰው ወልደ የሱስ ነው፤ የጎሬ ቄስ ልጅ ስለሆነ በዚህ ነገር የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው። «ድግምቱን ከመጽሐፍ ነው የሚያጠናው አይደል? ጠዋት ያጠናውን ማታ ይረሳዋል አይደል? ያለ ዱላው አይሄድም አይደል? በቃ ደብተራ ነው። አባቴ ጋ ስንቱን አይቻለሁ።» ከዚያ ወዲህ የመጽሐፉ ምርኩዝ መቋሚያ ተባለ፣ ያደታም መሪጌታ ተባለ። ከጴንጤ ቤት የወጣ፣ ዳዊት ደግሞ የማያውቅ መሪጌታ።

ታዲያ በአንድ የፈረሰ ቤተ መቅደስ ውስጥ ሁለት ዕቃ ተገኘ፤ ዳኛውም አንዱን ብቻ ምረጥ አለ። ቀለበቱን ያጠለቀ በሚደግመው ድግምት ሁሉ ዳይሱ ባወጣው ቁጥር ላይ አንድ ይጨመርለታል። መቋሚያውን የያዘ ሁለት ይጨመርለታል፣ ግን ለመከላከያ ድግምት ብቻ።

«አንድ ማለት ከሃያ አንድ ነው! ከመቶ አምስት!» ይላል ያደታ። ሒሳብ አስተማሪ ነውና ድምፁ ለሰባ ተማሪ የተቃኘ ነው። «ከመቶ አምስት፣ በሁሉም ድግምት ላይ!»

«መሪጌታ፣ ጎረቤት ይሰማል» ትላለች ጃለኔ።

«ይስማ! መቋሚያው ሁለት ነው፣ ከመቶ አሥር። ግን መከላከያ ብቻ። በየቀኑ የሚወጋን አለ እንዴ?»

«አንተን ምን አገባህ፣ ፊት ፊት የምሄደው እኔ!»

«አንዱን ምረጥና እንሂድ እባክህ» ይላል ወልደ የሱስ። «ዘንዶው በእርጅና ሊሞትብን ነው።»

ጎረቤት የተባሉት እትዬ ዘውደነሽ ናቸው። ጎረቤት ይባሉ እንጂ ቤቱ የእሳቸው ነበር። ቀበሌው ለክቶ ትርፍ ነው ያለውን ወገን ቆረጠና ለመምህሩ አከራየው፤ በመሃል የቆመው ግድግዳ የችኮላ ጭቃ ነው፣ በያደታ በኩል ጋዜጣ ተለጥፎበታል። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት እዚያ ላይ በትልልቅ ፊደል እስካሁን ይከበራል። ጋዜጣ ንፋስ ይከለክል እንደሆነ እንጂ ወሬ አይከለክልም።

አንድ ልጃቸው ዶሪ አምና ግንቦት ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወዲህ በእሳቸው ወገን ድምፅ ጠፍቷል። ወደ ሰሜን መላኩን ከአንድ ቆስሎ ከተመለሰ የቡሬ ልጅ ሰሙ፤ ወሬው እዚያ ላይ ቆመ። ያደታን «ኢልማ ኮ» ይሉታል፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ‹አንተ› እያሉ ይቆጡታል፣ ጎመን ሲቀቅሉ ይልኩለታል።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሩ ላይ ቆመው አገኛቸው። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ነጠላቸውን ለቤተ ክርስቲያን እንደሚያደርጉት አጣፍተዋል።

«እንዴት ዋሉ?» አሉት።

ያደታ ዞሮ ከኋላው ማን እንዳለ አየ። ማንም የለም።

«ማንን ነው እትዬ?»

«እርስዎን ነው፣ መሪጌታ።»

ጆሮው ጋለ። ጎትቶ አስገባቸው፣ በሩንም መለስ አደረገው፤ መለስ ማድረጉ ራሱ ነገሩን እንዳባሰው የገባው ቆይቶ ነው። ወንበር ቢሰጣቸው አይሆንም ብለው በዱካው ጫፍ ተቀመጡ።

«ዛሬ ነገ እያልኩ ሳመነታ ነው የከረምኩት» አሉ። «ለሰው ትንፍሽ አላልኩም። ይሄው አፌን ይዤ አለሁ።»

«ስለ ምኑ?»

«ደብተራ ስለመሆንዎ።»

«እትዬ ዘውደነሽ፣ ጨዋታ ነው እኮ! እሁድ እሁድ እንጫወታለን።»

«አዎ፣ ጨዋታ ነው» አሉ ቶሎ ብለው፤ ዓይናቸውን ወደ በሩ ወርወር አደረጉ። «ማንም ቢጠይቀኝ ጨዋታ ነው ነው የምለው።»

«ባለፈው ቀበሌ አዳራሽ ሰምተውኝ የለም እንዴ? ስለ ጥንቆላና ስለ ኋላ ቀር ልማድ ስናገር?»

«ሰምቻለሁ። አጨብጭቤያለሁም።»

«ታዲያስ?»

«ውይ መሪጌታ፣ ስብሰባ ላይ የሚባለውንማ ማን ያጣዋል!» አሉ፤ የሚያባብሉት ይመስላል። «እኔስ እዚያው አዳራሽ ተነስቼ ‹ልጄን በደስታ ሸኘሁ› ብዬ የለም?»

እሳቸው ከነጠላቸው ሥር አንድ አረንጓዴ ሹራብ አወጡና ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። ክርኑ ተጥፏል።

«የዶሪ ነው። አላጠብኩትም። ገላውን የነካ ነገር ያስፈልጋል ሲሉ እሰማለሁ። መልሱልኝ አልልም፤ እሱ ከባድ ነው፣ የመንግሥት ነገር አለበት። ትንሿን ጭማሪ ብቻ ነው የምለምንዎ። ጥይቱ ሲመጣ ወዲህ እንድትል።» በእጃቸው ከደረታቸው ፊት አንድ ነገር ገለል አደረጉ፤ ዝንብ እንደማባረር ያህል። «እና ቀለበቱን አይውሰዱ።»

«እ?»

«ቀለበቱ ለሁሉም ነው፣ ግን አንድ ነው። ሁሉም ለምን ያደርግልዎታል? መቋሚያው ሁለት ነው። መከላከያ ብቻ ነው ይላሉ። የኔ ልጅ ደግሞ የሚያስፈልገው መከላከያ ብቻ ነው።»

ያደታ ከዚህ ቀጥሎ ያደረገውን በኋላ ባሰበው ቁጥር ፊቱን በእጁ ይሸፍን ነበር። ተከራከራቸው። አፉ ለምዶታልና ከአእምሮው ቀደመ።

«እትዬ፣ ልዩነቱ እኮ ትንሽ ነው። አንዱ ከመቶ አምስት ነው፣ ሁለቱ ከመቶ አሥር። መከላከያ ደግሞ ሁልጊዜ…»

«ከመቶ አምስት ምኑ?»

«ማለት… ከመቶ ጊዜ፣ ሊከሽፍ የነበረው አምስቱ ይሳካል ማለት ነው።»

የቀኝ እጃቸውን ጣቶች አጠፉና አንድ በአንድ ዘረጓቸው።

«እነዶሪ ሲጫኑ መቶ ይሆናሉ፤ መኪናው አጠገብ ቆሜ ነበር። እንግዲህ ሊሞቱ የነበሩ አምስት ልጆች ቤታቸው ይገባሉ ማለት ነው?»

«በሒሳቡ ከሆነ…»

«በመቋሚያው ደግሞ አሥር።»

«በሒሳቡ አዎ።»

«ታዲያ ይሄ ነው ትንሹ?»

ውጭ ከጣራው ጠርዝ ውሃ ይንጠባጠባል። ያደታ የሚያውቀው ቁጥር ሁሉ ምላሱ ላይ ደረቀ። ጨዋታ ነው ብሎ እንደገና ቢነግራቸው እንደገና ‹አዎ ጨዋታ ነው› ሊሉት ነው። መጽሐፉን አውጥቶ ቢያሳያቸው ደግሞ ያው መጽሐፍ ነው፣ ያውም ሥዕሉ ዘንዶ የሆነ መጽሐፍ።

«እሺ» አለ።

«እሺ ምን?»

«መቋሚያውን እወስዳለሁ።»

እትዬ ዘውደነሽ ጎንበስ ብለው ጉልበቱን ሊስሙ ሲሉ እሳት እንደነካው ሰው ዘሎ ተነሣ። እሳቸው ግን ይህንንም የደብተራ ጠባይ ነው ብለው ተቀበሉት። ሹራቡን አልጋው ላይ በሁለት እጃቸው አስቀምጠው፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ ወደ ኋላ እየተራመዱ ወጡ።

ብቻውን ሲቀር ነው ኀፍረቱ በደንብ የደረሰው። ደብተራ መባሉ አይደለም ያሳፈረው፤ እሱስ ያስቃል። ነገራ የሚባል ሰው አለ። ዩኒቨርሲቲ ሳሉ አንድ መኝታ ክፍል ይጋሩ ነበር፤ አሁን እዚሁ መቱ፣ የዘማቾች ጉዳይ በሚታይበት ቢሮ ይሠራል። ዶሪ የት እንዳለ ለማወቅ ነገራን አንድ ቃል መጠየቅ ይበቃል። ያደታ ልጁ ከሄደ ጀምሮ ይህን ያውቃል። ግን ‹ምንህ ነው?› ቢባልስ? ‹ለምን ትጠይቃለህ?› ቢባልስ? ስሙ የማይሆን ቦታ ቢነሣስ? ይህንንም እንደ ቀለበቱ አገላብጦ መዝኖታል፤ ብቻ ይህን የመዘነው በልቡ ነው፣ ድምፅ ሳያወጣ። ስለዚህ እትዬ ዘውደነሽ በግድግዳው ሊሰሙት አልቻሉም። እሳቸው የለመኑት የሰሙትን ነው።

ሳምንቱ አላልቅ አለ። ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደሩ?» ይሉታል፣ ጎንበስ ብለው። ገበያ ላይ ከመምህራን ጋር ሲያልፍ ከመንገድ ወጥተው ጭቃ ውስጥ ቆሙለት። «እቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው?» አለ ከመምህራኑ አንዱ፤ ያደታ እንዳልሰማ ሆነ። «ኢልማ ኮ» ቀረ። የጎመኑ ሳህን ግን መጣ፤ በላዩ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖበት፣ ለካህን እንደሚላክ።

ረቡዕ ዕለት ነገራን ሻይ ቤት አገኘው። ዛሬስ እጠይቀዋለሁ ብሎ አጠገቡ ተቀመጠ። ስለ ኳስ አወሩ። ስለ ጎሬ መንገድ መበላሸት አወሩ። ስለ ዝናቡ ሲያወሩ ዝናቡ ራሱ መጣ።

«አሁንም ያንን ጨዋታችሁን ትጫወታላችሁ?» አለው ነገራ። «አንድ እሁድ እመጣለሁ።»

«ና እንጂ» አለ ያደታ፤ ሻዩን ሳይጨርስም ተነሣ።

እሁድ ሲሰባሰቡ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መቋሚያውን ወስጃለሁ፤ እንቀጥል» አለ።

«ምን አልከን?» አለ ወልደ የሱስ።

«መቋሚያውን።»

«እንዴ! ያ ሁሉ ከመቶ አምስት ምን በላው?» ወልደ የሱስ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። «እልል በሉ! መሪጌታ መቋሚያውን ጨበጡ! ሁለት ጭማሪ!»

ከግድግዳው ወዲያ ዱካ ሲጎተት ተሰማ። ወደ ግድግዳው ነው የተጎተተው። ያደታ ብቻ ነው የሰማው፤ ሌሎቹ ይስቃሉ።

«እሺ» አለ ወልደ የሱስ እጁን እያፋተገ። «ከጫካው ሽፍቶች ወጡ። ጃለኔን ከበቧት፣ ቀስታቸውንም ሳቡ። መሪጌታ፣ ምን ያደርጋሉ?»

«ዛሬ ለምን ዘንዶው ጋ አንሄድም?»

«ቀስቱ ተስቧል እኮ ጌታው!»

«ድገምልኝ እንጂ!» አለች ጃለኔ። «ሁለት ጭማሪ ይዘህ ልትቀብረኝ ነው?»

ዳይሱን አነሣ። የማይመች ቁጥር ቢወጣ በመዳፌ ከልዬ አሥራ ስምንት እላለሁ ብሎ አሰበ፤ የተማረ ሰው፣ የሒሳብ ሰው። ግን ዳይሱ ጠረጴዛውን አቋርጦ ጃለኔ ክርን ሥር ሄዶ ተገተረ።

«ሦስት!» አለች።

«ሦስትና ሁለት አምስት!» ወልደ የሱስ በደስታ ጮኸ፤ ዳኛ ሲባል እንዲህ ነው። «ከሸፈ! ድግምቱ ከሸፈ! ቀስቱ መጣ፣ መጣ፣ ደረቷን…»

«ዝም በል!»

ያደታ እንዲህ ጮሆ አያውቅም፤ ክፍል ውስጥም ቢሆን። ሁለቱ አፋቸውን ከፍተው አዩት። ከግድግዳው ወዲያ አልተለቀሰም፣ ምንም አልወደቀም። አንዲት ኮሽታ የለም። ዳይሱን ከጠረጴዛው፣ ሹራቡን ከአልጋው አንሥቶ ወጣ።

እትዬ ዘውደነሽ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ዱካው ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸው ጭናቸው ላይ ነው። ሲገባ አልዞሩም።

«ከሸፈ?» አሉ።

«እትዬ፣ ጨዋታ ነው። የምሬን ነው፣ የእውነት ጨዋታ ነው።» ከፊታቸው ተንበረከከና ዳይሱን በመዳፉ አሳያቸው። «የከሸፈው ይሄ ነው።»

ተቀበሉት። አገላበጡት። በጥፍራቸው ጫሩት።

«መቋሚያውስ?»

«መቋሚያ የለም። ወልደ የሱስ በአፉ ነው የፈጠረው።»

«ቀለበቱስ?»

«እሱም የለም።»

«አሥሩ ልጆችስ?»

ያደታ ወለሉን አየ። ተጠርጓል፤ የመጥረጊያው መስመር ይታያል።

«አምስቱስ?»

«ሒሳብ ነው እትዬ። ሰው የለበትም።»

ፊታቸው ቀስ እያለ ተፈታ። «እንግዲያ ዶሪ አሁን ምንም አልሆነም» አሉ። «በዚህ የተነሣ ምንም አልሆነም።»

«አልሆነም።»

«ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ!» ማልቀስ ጀመሩ፤ እያለቀሱም ያመሰግኑት ጀመር፣ መጥተህ ስለነገርከኝ እያሉ። ሳያስቡት ‹አንተ› ብለውታል። ያደታ ምስጋናውን መሸከም አቃተው። የሚያቆምበት ነገር ፈለገ፤ ሲፈልግ ወደ አፉ የመጣለትን እንደ ስጦታ አቀረበ።

«ነገራ የሚባል ሰው አለ» አለ። «የዘማቾች ጉዳይ ቢሮ ነው የሚሠራው። አብረን ነው የተማርነው። ዶሪ የት እንዳለ ልጠይቅልዎ እችላለሁ።»

ለቅሶው ቆመ። እትዬ ዘውደነሽ ነጠላቸውን ከዓይናቸው አወረዱ።

«መጠየቅ ትችላለህ?»

«አዎ።»

«ሰውየው አሁን ነው የመጣው?»

«አይ…»

«መቼ ነው?»

«ዶሪ ሳይሄድም እዚሁ ነበር።»

ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ቢረግሙትም። እሳቸው ግን ሹራቡን ከእጁ ወስደው በጥንቃቄ አጠፉና ዳይሱን መዳፉ ውስጥ መለሱለት።

«ቤቱ ሩቅ ነው?»

«ከገበያው በላይ ነው። ነገ ቢሮው ሄጄ…»

«ተነሥ» አሉት።

መንገዱን የማያውቁት እሳቸው ፊት ሄዱ፣ የሚያውቀው እሱ ከኋላ ተከተለ፤ መታጠፊያው ሲደርስ «በግራ» ይላል እንጂ ሌላ ቃል አልተለዋወጡም። ሰው ሲያልፍ ያደታ ሰላምታውን በአንገቱ መለሰ። ነገራ ደጃፍ ሲደርሱ እትዬ ዘውደነሽ ገለል ብለው ቆሙ፤ የሚያንኳኳው እሱ ነው።

ነገራ በነጠላ ጫማ ወጣ። «ያደታ! ምነው በእሁድ? ጨዋታ የለም እንዴ ዛሬ?»

ያደታ አፉን ከፈተ። መጀመሪያ የመጣለት ስለ ዝናቡ ነበር። ከኋላው ያለው ዝምታ ገፋው።

«ስለ እትዬ ዘውደነሽ ልጅ ልጠይቅህ ነው» አለ፤ ያ የሰባ ተማሪ ድምፅ እንደ ክር ቀጥኖ። «ዶሪ ይባላል። አምና ግንቦት ነው የሄደው።»

ነገራ ከእሱ ወደ ሴትየዋ፣ ከሴትየዋ ወደ እሱ አየ።

«ዶሪ? አለ እኮ! ቆስሎ ሆስፒታል ነው፣ አዲስ አበባ። እግሩን ነው፤ ከጥር ጀምሮ እዚያው ነው ያለው።» ግራ ገብቶት ግንባሩን አከከ። «አንተ እዚያው ቤት እያለህ ሳትጠይቀኝ ስትቀር፣ እናትየው ሰምተው ሄደው የጠየቁት መስሎኝ ነበር። እኔስ በምን ቤት ላንሣው?»

እትዬ ዘውደነሽ ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። ሹራቡን ፊታቸው ላይ አደረጉ፣ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ቀና ብለው ሆስፒታሉ በየት በኩል ነው፣ አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ይነሣል፣ በሽተኛ ጎመን ይፈቀድለታል ወይ እያሉ ነገራን በጥያቄ አጣደፉት። ነገራም ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ መለሰላቸው። ሲጨርስ እጃቸውን ዘርግተው ይመርቁት ጀመር፤ ልጅ ይውጣልህ፣ ደጅህ አይዘጋ፣ ክፉ አይንካህ፣ በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ቀጠሉ፣ ተመልሰው በአማርኛ። ያደታ ምርቃቱ ወደ እሱ እንዳይዞር ወደ አጥሩ አፈገፈገ።

ዞሩ ግን። የተዘረጋ እጃቸውን ሳያጥፉ አዩት።

«አንተም…» ብለው ጀመሩ።

ጥቂት ጠበቁ፤ የሚቀጥለው ቃል አልመጣላቸውም። እጃቸውን አጥፈው ሹራቡን ብብታቸው ሥር አደረጉና ቁልቁል ወደ ቤታቸው ሄዱ።